ለሙክታር የተሰፋው ከረጢት

ባለፈው ወር፣ ሮቤ በምሠራበት ቢሮ፣ አንድ ባልደረባዬ የዝናብ ልብሱ ትከሻው ላይ ውሃ እያስገባ አስቸግሮት ሻማ በክብሪት እያሞቀ ስፌቱን ያሽ ጀመር። የቀለጠ ሻማና የሞቀ ናይለን ሽታ ክፍሉን ሲሞላው ብድግ ብዬ ወጣሁ። በረንዳው ላይ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቆየሁ። ፀሐይ ነበር፤ እኔን ግን በረደኝ። ያን ሽታ የማውቀው ከአንድ ወቅት ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ ጎባ አክስቴ ቤት ካሳለፍኳቸው ወራት።

በዚያ ዓመት አባቴ ደሎ መና ሥራ አግኝቶ እናቴንና ታናሽ ወንድሜን ይዞ ወረደ። እኔ ግን ትምህርቴ እንዳይቋረጥ እስከ ግማሽ ዓመቱ እረፍት ከእህቱ ጋር እንድቆይ ተወሰነ። በእኛ በኩል የአባትን እህት አዳዳ ነው የምንለው። አዳዳ ኑሪያ ባላቸው የሞተባቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። በረንዳቸው ላይ በእግር በሚረገጥ መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር። ዓይናቸው ደከም ስላለ መርፌ ላይ ክር ማስገባት የእኔ ሥራ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰባት ስምንት መርፌ ክር አስገብቼ የመርፌ ትራሱ ላይ እሰካላቸዋለሁ፤ እሳቸው እስከሚቀጥለው ቀን በዚያ ይሠራሉ።

ኅዳር ላይ ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ስመለስ ወለሉ ላይ የተሰባበሩ ዣንጥላዎች ተከምረው አገኘሁ። ከዣንጥላ ጠጋኝ የተገዙ ናቸው። ክንፋቸው የተሰበረ ትልልቅ የሌሊት ወፎች ይመስሉ ነበር።

«ጨርቃቸውን ከሽቦው ፍቺልኝ» አሉኝ። «እንዳይቀደድ፣ ቀስ ብለሽ።»

«ምን ሊሰፉበት ነው?»

«የመኝታ ከረጢት።»

«ከረጢት ውስጥ ይተኛል እንዴ?»

«መንገደኛ ይተኛል። በእረፍቱ መና አደርስሻለሁ። በእግራችን ነው የምንሄደው።»

«መኪና አለ እኮ አዳዳ።»

«አለ። ለአባትሽ በመኪና ነው ብዬዋለሁ። ከአሁኑ አይጨነቅ» አሉ።

አዳዳ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ምስጢር የተካፈልኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ብርድ ልብስ ይዘን ብንሄድስ?»

«ይከብዳል።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ብርድ ልብስ ደግሞ ይሳባል። ከረጢት አይሳብም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ላዩ የዣንጥላ ናይለን፣ ውስጡ አቡጀዲ እንዲሆን ነበር ያሰቡት። አቡጀዲውን ልንገዛ ስንሄድ ባለሱቁ ጨርቁን እየለካ ድምፁን ዝቅ አደረገና «አላህ ይርሀማቸው። ማን ነው ያረፈው?» አለ። ለከፈን የሚገዛ ሰው መስለነው ነው።

«ማንም አላረፈም» አሉ አዳዳ። «ለመንገድ ነው።»

ባለሱቁ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየና መቁረጡን ቀጠለ። ሲያስረክባቸው ጨርቁን ከወትሮው በተለየ ጥንቃቄ ነበር የያዘው።

ቤት እንደደረስን አዳዳ ወለሉን ጠርገው አቡጀዲውን ዘረጉና «ቢስሚላህ። ኮቱ፣ ነይ ተኚ» አሉኝ። ተኛሁ። እጆቼን ደረቴ ላይ እንዳጣምር ነገሩኝና በልብስ ሰፊ ሳሙና ከራሴ በላይ አንድ ስንዝር ጨምረው ዙሪያዬን አሰመሩ። ሳሙናው ጎኔን ታክኮ ሲያልፍ ይኮረኩረኛል፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ተነስቼ ሳየው ነጩ ጨርቅ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።

«ይሄ የእኔ ነው?»

«የሙክታር ነው።»

«ሙክታር ማነው?»

«ልጄ።»

ልጅ እንዳላቸው ሰምቼ አላውቅም። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ሁለት። ቁመታችሁ ግን አንድ ነው።»

«የት ነው ያለው?»

በአገጫቸው ወደ ተራራው አመለከቱ። «ላይ ነው። እዚያ ይበርዳል።»

እኔ እንግዲህ ያኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ሙክታር የሚባል የአክስቴ ልጅ አለ፤ ከተራራው ወዲያ ሪራ በሚባል መንደር ዘመድ ጋ ይኖራል፤ ስናልፍ ከረጢቱን ሰጥተነው፣ ምናልባትም ይዘነው፣ ወደ መና እንወርዳለን። ከእኔ ጋር እኩል የሆነ የአክስት ልጅ አግኝቼ አላውቅም ነበርና ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ለክፍል ጓደኛዬ ነገርኳት። ከረጢቱ ከእኔው ጋር እንዳይምታታ ብዬም አዳዳ ሶላት ላይ ሳሉ አፉ ጠርዝ ላይ ከውስጥ በኩል በእስክሪብቶ «ሙክታር» ብዬ ጻፍኩበት። ሲያዩት ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጽሑፉን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። «እጅሽ ያምራል» ብቻ አሉ።

የመጀመሪያው አልሆነም። እግሩ ጋ አጥብበው ስለቆረጡት ውስጡ ሆኜ ስገላበጥ ስፌቱ ተተረተረ። አዳዳ አልተናደዱም። ፈቱት፤ ከታች እንደ ድስት ቂጥ ክብ ጨርቅ ቀጥለው እግር የሚንቀሳቀስበት ቦታ አበጁለት። ስፌቱን አንዴ ከሰፉ በኋላ አጥፈው ደግመው ይሰፉበታል፤ እኔ ደግሞ ሻማ እያሞቅኩ ውሃ እንዳያስገባ ጠርዙን በሙሉ አሻለሁ። አፉ ላይ የጫማ ክር ገባበት፤ ሲሳብ ይሰበሰባል። ሲጠቀለል አንድ የሻይ ዳቦ ያክላል። አዳዳ በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ይመዝኑታል። «አየሽ? ልጅ ይሸከመዋል» ይላሉ።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ ያላማረኝ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያልቅ «እስኪ ግቢበት» ይሉኛል። እገባለሁ፤ ክሩን ይስቡና ከፊቴ በቀር ሁሉም ይሸፈናል። እሳቸው አጠገቤ ይቀመጣሉ። አይሰፉም፤ አያወሩም። ያዩኛል። አንድ ቀን ጎንበስ ብለው «አልጠበበህም?» አሉኝ።

በኦሮምኛ «አንተ»ና «አንቺ» አንድ ቃል ስለሆነ በእኛ ከተማ አማርኛ ሲናገር የሚያምታታ ብዙ ሰው አለ። አዳዳ ግን አምታተው አያውቁም ነበር።

«አልጠበበኝም» አልኩ።

«ጎሽ» አሉ፤ ፊቴን ሳይሆን ጨርቁን እየዳሰሱ።

ሁለተኛውን ከረጢት ረዘም አድርገው ለራሳቸው ሰፉ። ሁለት ሆነ። ለእኔ ሦስተኛ ይቀራል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ግን የዣንጥላው ጨርቅ አለቀ፣ እሳቸውም ወደ ዩኒፎርማቸው ተመለሱ። የእኔስ ብዬ መጠየቅ ለምን እንደፈራሁ አላውቅም።

ጎረቤታችን እትዬ አስቴር አትክልት የሚሸጡ፣ ከአዳዳ ጋር ለብዙ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን መጥተው ከረጢቶቹን አዩ። ጠርዙ ላይ የጻፍኩትን አነበቡ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ኑሪያ፣ ልጅቷን በዚያ መንገድ በእግር ልትወስጃት ነው?»

«በእግር ነው።»

«ለወንድምሽ ንገሪው።»

«ስንደርስ ይሰማል።»

እትዬ አስቴር ሲወጡ በር ላይ እጄን ያዙኝ። «ላይ ስትደርሱ አክስትሽ ቁጭ እንዳትል። ቁጭ ካለች አስነሻት፤ እሺ?» ድንጋዩ እርጥብ ስለሆነ እንዳይበርዳቸው ነው ብዬ «እሺ» አልኳቸው።

ጥር መጨረሻ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ከጎባ ወጣን። በሶ፣ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ ይዘናል፤ ከረጢቶቹ ጀርባችን ላይ ናቸው። መጀመሪያ የጽድ ዛፍ፣ ከዚያ ኮሶው፣ ከዚያ አስታው እያጠረ እያጠረ ሄደና ከቀትር በኋላ ዛፍ የሚባል ጠፋ። ሳነቴ በሚባለው የተራራው አናት ሜዳ ላይ ነን። ሜዳው ማለቂያ የለውም። ትንፋሽ ያጥራል። አልፎ አልፎ አንድ መኪና ያልፈናል፤ አንዱ ሹፌር ቆሞ «ግቡ» አለን። አዳዳ በእጃቸው አመስግነው ሸኙት። የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ልቤ አብሮት ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጉም መጣ። ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ሜዳው ነበረ፣ ከዚያ አልነበረም። ጅብራዎቹ ብቻ ቀሩ። ሳነቴን ለማያውቅ፣ ጅብራ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ ግንዱ ወፍራም፣ አናቱ ቅጠል የደፋ ተክል ነው። በጉም ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ የቆመ ሰው ይመስላል። አንዱን አልፈን ስንሄድ ሌላው ፊት ለፊት ይቆማል። ሲጥ ሲጥ የሚል የፍልፈል ድምፅ ከመሬት ውስጥ ይሰማል። አዳዳ ከመንገዱ ወጥተው፣ ምልክት የሌለውን ሜዳ፣ ቤታቸው እንደሚገባ ሰው ሳያመነቱ ይሄዳሉ።

«አዳዳ፣ መንገዱ ወዲያ ነው።»

«አውቃለሁ።»

በግራችን አንዱ ጅብራ የተነቃነቀ መሰለኝ። ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ከግንዱ ሥር ተነስቶ ቆመ፣ አየን፣ ጉሙ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የአዳዳን ነጠላ ጫፍ ይዤ ነው የሄድኩት።

ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር፣ ነፋስ የማያገኘው ጥግ ስንደርስ ቆሙ። «እዚህ ነው» አሉና ቁጭ አሉ።

የእትዬ አስቴር ቃል ትዝ አለኝ። «ይነሱ አዳዳ፣ ይበርድዎታል።»

«አንቺም ቁጭ በይ።» ሻይ ቀዱልኝ። «ሙክታርን ጠይቀሽኝ ነበር።»

«የት ነው ያለው?»

«እዚህ ነው የሞተው።»

ድምፃቸው አልተለወጠም። ነገሩኝ። እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። መኪና እንደዛሬ አይመላለስም ነበር። ልጃቸውን ይዘው በእግር ወደ መና ሲወርዱ እዚሁ ጉም ያዛቸው። አንድ ብርድ ልብስ ነበራቸው። ለሁለት ለብሰው፣ ልጁን አቅፈውት፣ እዚህ ቋጥኝ ሥር ተኙ። ሲነጋ አዳዳ ሞቋቸው ነበር። ብርድ ልብሱ በሙሉ እሳቸው ላይ ነበር።

«በእንቅልፌ ስቤበታለሁ» አሉ። «ሲገላበጥ ሰምቼዋለሁ መሰለኝ። ሲጠራኝም ሰምቻለሁ መሰለኝ። አልነቃሁም። ሰዎች ወስደው ሪራ ቀበሩት። እኔ ግን እዚያ መቃብሩ ጋ ስሄድ የለም። እዚህ ነው ያለው።»

ከረጢት አይሳብም ያሉት ያኔ ገባኝ። ሁለት ለምን እንደሆነም ገባኝ፤ ለእኔ የሚሰፋ ሦስተኛ መጀመሪያውኑ አልነበረም።

«ሳይመሽ ግቢ» አሉኝ ትንሹን ከረጢት እየዘረጉ።

እሺ ካላልኩ ወዴት እሄዳለሁ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ክሩን ሳቡት። ጠርዙ አፌ ላይ መጣ፤ በራሴ እጅ የጻፍኩት ስም ከንፈሬ ላይ ነው። የአቡጀዲውና የሻማው ሽታ አፈነኝ። ግን ሞቀኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም ነበር።

ብርሃኑ ገና አልጠፋም፤ ጉሙ ግራጫ ሆኗል። አዳዳ እጃቸውን ዘርግተው ለሟቹ ፋቲሃ ቀሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም።

«ሙክታር» አሉ። «በረደህ?»

ዝም አልኩ። ደንግጬ ነው። ብመልስ ሙክታር የምሆን፣ ሙክታር ከሆንኩም ጠዋት የማልነሳ መሰለኝ። የከረጢቱን ጠርዝ በጥርሴ ነክሼ ያዝኩ።

«ሙክታር፣ ልጄ። በረደህ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ነፋሱ ቋጥኙ ላይ ይንፏቀቃል። እሳቸው ሦስተኛ ጊዜ ጠሩ፤ በጣም ቀስ ብለው፣ የተኛን ሰው መቀስቀስ እንደማይፈልግ ሰው። ቆይተው ረጅም ትንፋሽ ሲለቁ ሰማሁ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ በኋላ የማውቀው የለም፤ ደክሞኝ ስለነበር ፍርሃቴን ይዤ ተኛሁ።

ስነቃ ነግቷል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሣሩ በሙሉ አመዳይ ለብሷል። ለመነሳት ስታገል ከበደኝ። ሁለተኛውን ከረጢት፣ የአዳዳን ከረጢት፣ ከነከረጢቴ ከእግሬ እስከ አንገቴ አጥልቀውብኛል። እሳቸው አጠገቤ፣ ቋጥኙን ተደግፈው፣ በነጠላቸው ብቻ ቁጭ ብለዋል። ሽፋሽፍታቸው ነጭ ነው። ቀኝ እጃቸው የከረጢቴን ክር እንደጨበጠ ደርቋል። ፊታቸው ላይ ግን እኔ ቤታቸው ስኖር አይቼው የማላውቅ ነገር ነበር። ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

«አዳዳ። አዳዳ፣ ይነሱ።»

ዓይናቸው ገርበብ አለ፤ ከንፈራቸው ግን አልታዘዘም። በሕይወት እንዳሉ ሳውቅ ፍርሃቴ በሙሉ ሥራ ሆነ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከክሩ አላቀቅኩ። እግራቸውን ረጅሙ ከረጢት ውስጥ ከትቼ እየጎተትኩ እስከ ብብታቸው አወጣሁት፤ ትንሹን ደግሞ ትከሻቸው ላይ ደረብኩላቸው። ፔርሙዙ ውስጥ የቀረችው ሻይ ቀዝቅዛ ነበር፤ በክዳኑ ያዝኩላቸው፣ አገጫቸው ላይ ፈሰሰች። ትምህርት ቤት ስንጀምር እንደሚሉን «ጀባዱ፣ ጀባዱ አዳዳ» አልኳቸው፤ በርቱ ማለት ነው። ከዚያ ትቻቸው መሮጥ ነበረብኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ሳልመለከት የሮጥኩት ያን ዕለት ነው። ብመለከት የምቀር መስሎኝ ነበር።

መንገዱ ሩቅ አልነበረም። ትናንት በጉሙ ሳላየው ነው እንጂ ከቋጥኙ ወዲያ ይታያል። መሃሉ ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ከጎባ ወደ መና የሚወርድ የጭነት መኪና መጣና ቆመ።

«ኢንታላ፣ ማል ታቴ?» አለ ሹፌሩ ከመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፤ አንቺ ልጅ ምን ሆነሻል ማለቱ ነው። ወደ ቋጥኙ አሳየሁት። ጠና ያለ ሰው ነበር። ጉዳዩን አልጠየቀም። ሄዶ አዳዳን ከነከረጢታቸው አቅፎ አመጣቸውና ጋቢናው ውስጥ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ በራሱ ካፖርት ጠቅልሎ አስቀመጣቸው። ወደ ሐረና ጫካ ስንወርድ፣ ሙቀቱ ሲመጣ፣ አዳዳ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሹፌሩ «መንቀጥቀጥ ጥሩ ነው» አለኝ። መና እስክንደርስ ካፖርቱን አንገታቸው ላይ ይዤ ነበር።

አዳዳ ዳኑ። ከቀኝ እጃቸው ግን የሁለት ጣት ጫፍ ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲያ መርፌ አልያዙም። አባቴ ምን እንደተደረገ ሲሰማ እህቱን አልሰደበም። ሕክምናቸውን አሟላ፣ አስተኛቸው፣ አስመገባቸው፤ ግን አላናገራቸውም፤ ወደ ጎባ እስኪመለሱ ድረስ ሰላምታቸውን የሚቀበለው እናቴን እያየ ነበር። እኔንም ብቻዬን ከእሳቸው ጋር እንዳልቀመጥ ከለከለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አባቴ ሥራ፣ እናቴ ገበያ ሄደው ሳለ ክፍላቸው ገባሁ። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንድል አመለከቱኝ።

«አስፈራርቼሻለሁ» አሉ። «ይቅር በይኝ።»

«ምንም አይደል አዳዳ።»

«ያን ዕለት ስለመለስሽልኝ ደግሞ አላህ ይስጥልኝ።»

«የቱን?»

«ስጠራ። ሁለቴ ዝም አልሽ። በሦስተኛው ‹አይ እማ፣ ሞቆኛል› አልሽኝ።» በደህናው እጃቸው ጉልበቴን ነኩኝ። «አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ አላበድኩም። ድምፅሽን እንደ ወንድ አወፍረሽ፣ ደስ ይበላት ብለሽ ነው። ግን እሷን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅኳት አታውቂም። አሁን እዚያ የለም። ሄዷል።»

ዓይናቸውን አየሁት። እንደዚያ ያረፈ ሰው አይቼ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ወጣሁ።

አዳዳ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ በተገናኘን ቁጥርም ያቺን መልስ ያነሱልኛል፣ ይመርቁኛል። ምርቃታቸውን ሁልጊዜ አንገቴን ደፍቼ እቀበል ነበር። እኔ ያን ዕለት ሦስቱንም ጥሪ ሰምቻለሁ። ለአንዱም አልመለስኩም።